የሐይቁን ዳር የሚጠብቀው ገበሬ ብቻውን ነው

ይህ ማሳሰቢያ በቅድሚያ የተጻፈው በደቡብ ወሎ በአርዲቦና በሐይቅ ሐይቆች ዙሪያ መሬታቸው ከውሃው ጋር ለሚዋሰን የወረባቦ፣ የተሁለደሬና የቃሉ ወረዳ ገበሬዎች ነው። ቀጥሎ የሚመለከተው ቢስቲማ፣ ሐይቅ ከተማና ደሴ ሆነው ስለዚያ መሬት የሚወስኑትን ነው። ሁለቱም ወገኖች በጎ ያስባሉ። ሁለቱም አንድ አደጋ ዘንግተዋል።

አደጋው ይህ ነው። በሁለቱ ሐይቆች ዳር ያለው ረግረግ፣ ፊላው፣ ሸምበቆውና ጨፌው፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ማሳ እየተለወጠ ነው። በአንድ ጀንበር የሚሆን ነገር ስላልሆነ ዓይን አይስብም። ዘንድሮ አንዱ ገበሬ ጥቂት ክንድ ይገፋል፤ ለከርሞ ጎረቤቱ ከእሱ ላለማነስ ይገፋል፤ በሦስተኛው ዓመት ፊላ በነበረበት ሽንኩርት ይበቅላል። ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። በልግ ሲከዳው የልጆቹን ጉሮሮ የሚደፍንበት ሌላ መሬት የሌለው ሰው ነው።

ለዚህ ሰው እስካሁን የተነገረው አንድ ቃል ነው፤ «አትንካ»። መሬቱን ሳይነካ ቢያድር ምን እንደሚያገኝ የነገረው የለም። ፊላውን እየተጠቀመ እንዴት ሊያቆየው እንደሚችል ያሳየውም የለም። በዚህ ጽሑፍ አጥብቄ የማሳስበው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ያለ ገንዘብ ድጋፍና ያለ ባለሙያ እገዛ የሚመጣ ክልከላ ረግረጉን አያድነውም። እንዲያውም መጥፊያውን ያፋጥነዋል፤ ሊከለከል ነው ተብሎ የተወራበትን መሬት ሰው ቀድሞ ያርሰዋልና።

ሥጋቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሁለቱ ሐይቆች እንዴት እንደተያያዙ ማየት ያሻል። አርዲቦ ከላይ ነው፤ ሐይቅ ከታች። አርዲቦ ሲሞላ ትርፉ በጅረት ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይም ገበሬው ለመስኖ ይጠልፈዋል። ሐይቅ ግን ከምድር በላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የገባበትን ግን አያስወጣም። ማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ፣ ጫት ላይ የተረጨ መድኃኒት፣ ከተራራው የታጠበ አፈር፣ ከከተማ የወረደ ቆሻሻ ውሃ፣ የሁሉም ማረፊያ እዚያ ነው። ውሃው በትነት ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ተሸክሞት የመጣው ይቀራል።

በማሳውና በውሃው መካከል የቀረው ማጣሪያ ያ ፊላ ነው። የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከማዳበሪያው የተረፈውን በሥሩ ይመጥጣል። ፊላው ሲመነጠር ይህ ሁሉ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውሃው በአልጌ ይሸፈናል፤ አልጌው ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣውም ይታፈናል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሐይቅ እንዲገባ የተደረገው ቆሮሶ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ጫጩቱ የሚያድገው በጥልቁ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ በዳርቻው ሣርና ፊላ መካከል ተሸሽጎ ነው። ስለዚህ ዳርቻውን የሚያርሰው ገበሬና በጀልባ የሚውለው ዓሣ አስጋሪ ሳይተዋወቁ አንዱ የሌላውን ገበታ እየነካ ነው።

ውሃው የማይሸሽ የሚመስለው ካለ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይመልከት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት ያ ገዳም የቆመው በደሴት ላይ ነበር። ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቶ በእግር ይገባበታል።

ወፎቹን ብዙ ሰው የሚያያቸው እንደ ጌጥ ነው፤ ሲኖሩ ደስ የሚሉ፣ ባይኖሩም የማይጎዱ። ይህ አስተያየት ያስከፍለናል። ዳክዬ፣ ሳቢሳ፣ ሽመላና ዓሣ አጥማጁ ንስር የሚኖሩት ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና ዓሣ ባለበት ውሃ ነው። እነሱ ቦታ ሲለቁ ከውሃው በታች ያለው ሕይወት ቀድሞ ተጎድቷል ማለት ነው። ከእነሱም ሌላ በመስከረምና በጥቅምት የአውሮፓና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አሉ። በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ በኩል የሚያልፈው የወፎች መንገድ በዓለም ካሉት ታላላቆች አንዱ ነው፤ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች ይመላለሱበታል። ያን ያህል መንገድ በርራ የመጣች ወፍ አንዱን ማረፊያ ብታጣ ወደ ሌላው ትሄዳለች የሚል መጽናኛ እሰማለሁ። ሌላው ማረፊያም በዚያው ዓመት እየታረሰ መሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አገራችን የአፍሪካና የዩሮኤዥያ ተጓዥ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢራን ውስጥ ከተፈረመውና የዓለምን ረግረጎች ከሚጠብቀው ከራምሳር ስምምነት ግን ለአሥርተ ዓመታት ውጭ ሆና ቆይታለች። ሐይቅና አርዲቦን የመሰሉ ቦታዎች በዓለም መዝገብ ሳይገቡ፣ ከዚያ የሚገኘውን የባለሙያና የገንዘብ እገዛም ሳያዩ የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ባለይዞታው ልመለስ፤ አብዛኛው ቸልታ ያለው እዚህ ላይ ነውና። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ደንግጓል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ማስረጃውም የይዞታ ደብተሩ ነው። በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ውስጥ ደግሞ መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ጦም ያሳደረ ሰው ይዞታውን ሊያጣ እንደሚችል የሚናገር ድንጋጌ ኖሯል። ዓላማው መልካም ነው፤ መሬት ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ነው። ግን አስቡት። ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ዳርቻ ፊላ እንዲያበቅል፣ ዳክዬ እንድትፈለፍልበት የተወ ገበሬ በቀበሌ ኮሚቴ ዓይን ምን ሠራ ይባላል? መሬቱን ጦም አሳደረ ይባላል። ስለዚህ የተሻለውን ያደረገው ሰው ይሠጋል፤ ያረሰው ጎረቤቱ ግን ደብተሩን አጽንቶ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት የወፍ ፍቅርን መስበክ ዋጋ የለውም።

የወረዳ መሬት አስተዳደር ባለሙያዎች፣ ይህን ማስተካከል በእጃችሁ ነው። ረግረግ ሆኖ የተጠበቀ ይዞታ እንደ አንድ የአጠቃቀም ዓይነት ይመዝገብ። በደብተሩና በመዝገቡ ላይ ከባለይዞታው ስም ጋር ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ማረጋገጫ አይበቃም፤ የሰጠው ሰው ይዛወራል፣ የቀበሌው አመራር ይለወጣል፣ ገበሬው ግን እዚያው ነው። ከዚህም ሌላ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ኑሮው የተነካበት ሰው በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ተጽፏል። ገበሬውን ከዳርቻው ስታርቁት ይህን አንቀጽ አትርሱ። ማካካሻውን እንደ ችሮታ አትዩት።

ከእገዛ እጦት እኩል የምፈራው የተሳሳተ እገዛን ነው። በረግረግ ላይ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ለልማት በተመደበ ገንዘብ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር በብድር ይታደላል፤ ስንት ሞተር በአንድ ጅረት ላይ እንደተተከለ ግን የሚቆጥር የለም። የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲመጣ ክፍት የሚመስለው ቦታ ረግረጉ ስለሆነ ችግኙ እዚያ ይወርዳል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። ዛፍ መትከል መልካም ነው። ጨፌ ላይ መትከል ግን ጨፌውን ማድረቅ ነው። ውሃው ሲሸሽ የወጣው መሬት «ትርፍ መሬት» ተብሎ ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል፤ ጥሩ ክረምት መጥቶ ውሃው ወደ ቦታው ሲመለስ ወጣቶቹ ማሳችን ተጥለቀለቀ ብለው ይጮኻሉ። በዚያን ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ቦይ ቆፍሮ ሐይቁን ማራቅ ይሆናል። ወጣቱ ሥራ ይገባዋል። የሚጠፋ መሬት ግን ሥራ አይደለም፤ ለነገ የተላለፈ ጠብ ነው።

ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፎገራ ላይ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ። የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚያጠጣቸው፣ የጣና ዓሣ ገብቶ የሚራባባቸው፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ረጃጅም እግር ወፎች የሚከርሙባቸው ነበሩ። ወንዙ በግድብ አጥር ሲታጠር የጎርፉ ውሃ ቀነሰባቸው። በበጋ ደግሞ የቀረው ውሃ በሞተር እየተሳበ ለሰብል ዋለ፤ የሸሸበትም መሬት ታረሰ። ሁለቱም እጅግ ጠበቡ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ተደሰትን፤ መዝገብ ብቻውን ግን ዳርቻውን አይጠብቅም። ጣናን የወረረውን የእምቦጭ አረም አስታውሱ። በ2004 ዓ.ም. ሲታይ ጥቂት ሰው ነው የደነገጠው። በኋላ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅል፣ ስንት ማሽን ሲገዛ ከረመ። በጊዜው ዳርቻውን ለሚጠብቁ ገበሬዎች ቢከፈል ኖሮ ወጪው የዚያን ሲሶ ባልደረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ትምህርት አለው። ዙሪያው ጫትና አትክልት ነበር፤ ሞተሮች ነበሩ፤ ከሐይቁ የሚጠጣ ከተማም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶለት አይተን ደስ ብሎናል፤ ግን በመካከሉ ዓሣ አስጋሪው፣ አትክልት አምራቹና የሐረር ነዋሪ ምን እንዳዩ እነሱን ጠይቁ። አሁን ወደ ራሳችን እንመልከት። ጫት አለ። ሞተር አለ። ከተማም እያደገ ነው።

ሊሠራ የሚችል ነገር እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌም አገራችን ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በበርጋ ሜዳ ላይ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ሜዳው የገበሬው ግጦሽና ድርቆሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሰውን ከሜዳው ማስወጣት አልመረጠም፤ ነዋሪዎቹን በጥበቃ ቡድን አደራጀ። በደቡብ አፍሪካ ያሉ የዚያችው ወፍ ወዳጆችም ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረዱ። ወፏን የሚጠብቀው ሰው በወፏ ምክንያት የመጣ ነገር በዓይኑ አየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥበቃ ገንዘቡ ሲቆም ይቆማል።

አሜሪካኖች ለዚህ ያገኙት ብልሃት ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ዳክዬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ ልዩ ቴምብር እንዲገዛ በሕግ አስገደዱ። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ መሬቱን ከእጁ ሳይነጥቁ ለባለመሬቱ ገንዘብና ባለሙያ የሚያቀርብ ፕሮግራም ጀመሩ። እኛ ዳክዬ አዳኝ የለንም። ከውሃው የሚጠቀም ግን ሞልቶናል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ እንደ ማምለጫ ሲነሳ እሰማለሁ። በወሎ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከን ለሚሠራ፣ ተራራ ለሚያለማ ሰው ሲከፍል ኖሯል። ተራራ መጠበቅ ሥራ ከሆነ ዳርቻ መጠበቅ ለምን ሥራ አይሆንም? በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ የተፋሰሱ መጨረሻ የሆነው የሐይቁ ዳር በዕቅዱ ውስጥ ይግባ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆቱ አካባቢዎች ማገገሚያ ልዩ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጽድቋል። ያ ፈንድ በችግኝ ቁጥር ብቻ የሚለካ ከሆነ ለፊላ አንድ ብር አይደርሰውም። ደሴ ያላችሁ የዞን ኃላፊዎች፣ ይህን ጥያቄ ወደ ላይ ማቅረብ የእናንተ ድርሻ ነው። ጥያቄው ካልቀረበ የደቡብ ወሎ ረግረግ በማንም ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

ኮምቦልቻም ከዚህ አትወጣም። የከተማዋ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በትንንሽ ጅረቶች በኩል ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከናም ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። በበጋ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አርጎባው ከብቱን ይዞ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ፍሳሽን ማጣራት የፋብሪካው ግዴታ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ከታች ያለውን ረግረግ ለሚጠብቁ ሰዎች ቢያዋጣ ለራሱም ዋስትና ነው።

የባለሙያው እገዛ ከገንዘቡ ያነሰ አይደለም። ገበሬው ፊላ በምን ጊዜ ቢታጨድ መልሶ እንደሚያድግ፣ ከማሳው ጫፍ እስከ ውሃው ስንት ርምጃ ሣር ቢቀር አፈሩ እንደማይታጠብ፣ መድኃኒት ከረጨ በኋላ ዕቃውን የት ማጠብ እንደሌለበት የሚነግረው ይፈልጋል። ብዙዎቹ የውሃ ወፎች የሚፈለፍሉት በክረምትና በክረምት ማግስት ነው። በዚያ ወቅት ፊላ ማጨድና ከብት ማስገባት ጎጆአቸውን መርገጥ ነው፤ በበጋ በተራ ቢታጨድ ግን ለሰሌንም ለቤት ክዳንም ይተርፋል፣ ወፉም አይጎዳም። ሣሩን አጭዶ ለከብት መውሰድ ይቻላል፤ ቀፎ መስቀል ይቻላል። ይህ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከባድ ትምህርት አይደለም። ዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ብቻ አያስተምረውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ የውሃውን ከፍታ በየወሩ ቢለኩ፣ ወፉን በየዓመቱ ቢቆጥሩ፣ ውጤቱንም ቢስቲማ ላይ ለገበሬው በአማርኛ ቢነግሩ ትልቅ ሥራ ነው። ወስደው በመደርደሪያ ላይ የሚያኖሩት ጥናት ግን ለማንም አይጠቅምም።

ባለይዞታዎች፣ ለእናንተ የምለው ጥብቅ ቃል አለኝ። ረግረጉን በቦይ አታድርቁት። መጀመሪያ ዓመት የሚሰጠው ምርት ያጓጓል፤ ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ የጉድጓዳችሁ ውሃም አብሮ ይወርዳል። የመድኃኒት ጣሳ ሐይቁ ውስጥ አትጠቡ፤ ያን ውሃ የሚጠጡት ልጆቻችሁ ናቸው። ለጥበቃ ድጋፍ እንሰጣለን የሚል ሰው ሲመጣ በሩን አትዝጉበት፤ ነገር ግን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ደብተሩ በማን ስም ይቀራል? ክፍያው ለስንት ዓመት ነው? ፕሮጀክቱ ሲያበቃስ መሬቱን እንደገና ልጠቀምበት እችላለሁ? መልሱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። የማያነብ ካለ ልጁ ያንብብለት፣ ወይም ጉዳዩ በመንደሩ ዕድር፣ በቅሬው ላይ በግልጽ ይነገር። ብቻውን የፈረመ ሰው ብቻውን ይቀራልና በመንደር ሆናችሁ ተደራደሩ። የወሰንና የግጦሽ ጠብ ካለ ከወረቀቱ በፊት አስታራቂዎቹ አበጋሮች ይቀመጡበት።

ፕሮጀክት ይዛችሁ ለምትመጡም፣ ለአገራቸው የሚሠጉ ውጭ ያሉ የወሎ ልጆችም፣ አንድ ቃል። ሁለት ዓመት ከፍላችሁ በሦስተኛው አትጥፉ። ገበሬው መሬቱን ከእርሻ ያወጣው እናንተን አምኖ ነው። በመካከል ስትተዉት መልሶ ያርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማንንም አያምንም። ትንሽ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ከብዙ ገንዘብ ለአጭር ጊዜ ይሻላል።

የዘንድሮው የተፋሰስ ሥራ ዕቅድ ወደ ቀበሌዎች ሲወርድ የአርዲቦና የሐይቅ ዳርቻ በውስጡ መኖር አለመኖሩን በስብሰባ ላይ ጠይቁ። ከሌለ ጥያቄአችሁ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ቅጂውም ለወረዳው ግብርናና ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ ከበጋው መስኖ በፊት በጅረቱና በሐይቆቹ ዳር ያሉትን ሞተሮች አስቆጥሩ፤ በፊላው ውስጥ አዲስ የተመራ መሬት ካለም አግዱት።